ታች ፎቅ ድረስ የሚሰማ ስግደት

ባለቤቴ ቫን ነበረው። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዳላስ አካባቢ ቫን የነበረው አበሻ እሱ ብቻ አልነበረም፤ ቫኑን የራሱ አድርጎ ቆጥሮት የማያውቅ ግን እሱ ብቻ ይመስለኛል። እሑድ እሑድ ገና ሳይነጋ ይነሣና እኛ ከምንኖርበት ከሌክ ሃይላንድስ ይጀምራል። መንዳት የማይችሉ እናቶችን፣ አዲስ የመጡትን፣ መኪናቸው የተበላሸባቸውን፣ መኪናቸው ደህና ሆኖ ሳለ መንዳት የሰለቻቸውን ሁሉ በየአፓርትመንቱ እየለቀመ ጋርላንድ ወደተከራየነው አዳራሽ ያደርሳል። አዳራሹ የአሜሪካኖች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ቀድሰን ስንወጣ እነሱ ይገቡበታል። ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ሁሉንም በየቤታቸው ይመልሳል። ሌላው ሰው ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል እሱ ገና ጎዳና ላይ ነው። እኔም ሚስቱ ስለሆንኩ አብሬው ጎዳና ላይ ነኝ፤ ፈቃዴን የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

ምርቃት ይወዳል። እናቶቹ ከቫኑ ሲወርዱ፣ እግርህን እንቅፋት አይምታው ይሉታል፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አሜን፣ አሜን ይላል። እኔ ፊት ወንበር ላይ ሆዴ በረሃብ እየጮኸ፣ ምርቃቱ ትንሽ ቢያጥር ምን አለበት እያልኩ እጠብቃለሁ። ይህን ሰው ያየ ሁሉ ከእግዚአብሔር ጋር የቅርብ ወዳጆች ናቸው ይል ነበር። እኔም እንደዚያ ነበር የማምነው።

የከተራ ዕለት ከሰዓት በኋላ መዝነብ ጀመረ፤ ዝናቡም መሬት ሲነካ በረዶ እየሆነ ቀረ። ዳላስ እንዲህ ሲሆን የአገሩ ሰው ዳቦና ወተት ገዝቶ ቤቱን ይዘጋል። የእኛ ሰው ግን በዓል ነውና ነጠላውን ለብሶ ባለቤቴን ይጠብቃል። እኔ ሥራ ስለነበርኩ አብሬው አልሄድኩም። ሁሉንም ወሰደ፣ ጸሎቱ ሲያልቅ ሁሉንም በሰላም መለሰ። የመጨረሻዋን እናት ደግፎ ደጃፋቸው ካደረሰ በኋላ ብቻውን ወደ ቤት ሲመጣ፣ አንድ ድልድይ ላይ ቫኑ ተንሸራተተና ከመከለያው ብረት ጋር ተላተመ። ዳሌውና ጭኑ ተሰበረ።

ሆስፒታል የመጣው ጠያቂ ሁሉ የተመካከረ ይመስል አንድ ነገር ነው የሚለው፤ ተመስገን፣ እንኳን ቫኑ ባዶ ሆነ። ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ፣ "አዎ፣ ሥራውን አስጨርሶ ነው የጣለኝ" አለ። ጠያቂዎቹ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ የዚህን ሰው ቀልድ ስሰማ የኖርኩ ነኝ። ያ ቀልድ አልነበረም።

አጥንቱን በብረት አያይዘው ወደ ቤት ላኩት። ቤታችን ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። በቃሬዛ አውጥተው ሳሎን ካስገቡት ወዲህ ለሐኪም ቀጠሮ ካልሆነ ደረጃውን አላየውም። የአፓርትመንቱ ኦፊስ ታች የሚለቀቅ ቤት ሲኖር እንነግራችኋለን ብሎ ነበር፤ ማንም አልለቀቀም። እሱም ሶፋው ላይ ተጋድሞ ቀኑን ሙሉ የአየር ሁኔታ ቻናል ያያል። ከቤት ለማይወጣ ሰው ኦክላሆማ ዘነበ አልዘነበ ምን ይጠቅመዋል? ይህንኑ ብጠይቀው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገብኝ።

ቤት ድረስ እየመጣች የምታለማምደው ቴራፒስት ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። አጥንቱ እየጠገነ ነው፤ ነገር ግን አሁን ዎከር በሚሉት ባለ አራት እግር ብረት እየተደገፈ ቆሞ መራመድ ካልተለማመደ መገጣጠሚያው ይደርቃል፣ ከዚያ በኋላ እንደ ልብ መሄድ አይኖርም። ዎከሩን ከሶፋው ጎን አቁማለት ሄደች። እሱ ጃኬቱን ሰቀለበት።

ከሥራ ስገባ የማገኘው ሁልጊዜ ያንኑ ነው።

"ዛሬም ካንስል አደረግካት?"

"ኮል አድርጌ ነገርኳት። ሶ ምን ላድርግ፣ አሞኛል።"

"ማለቴ፣ እንዲህ ተኝተህ ልትቀር ነው?"

"ካስቀረኝ እቀራለኋ።"

ማንን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ አውቀዋለሁ። ሥዕለ አድኅኖው ከሶፋው ፊት ለፊት ነበር የተሰቀለው። ከሆስፒታል በተመለሰ ሰሞን ቴሌቪዥኑ በደንብ አይታየኝም ብሎ ሶፋውን አስዞረኝ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ድሮም በደንብ ይታየው ነበር። የንስሐ አባታችን ሊጠይቁት መጥተው እንጸልይ ሲሉት ደግሞ፣ "አባ፣ እርስዎ ይጸልዩ። እኔ ቬኬሽን ላይ ነኝ" አላቸው። አባ ቅር እንኳ አላላቸውም፤ ጸልየው፣ ግንባሩን በመስቀል ነክተው ሄዱ። እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እግሩ ይድናል፤ አይድንም ቢባል እንኳ የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነውና ሰው በዊልቼርም እንደሚኖር አይቻለሁ። ያስፈራኝ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ጠፍቶ፣ የአየር ሁኔታ የሚያይ ሌላ ሰው ሶፋዬ ላይ መቅረቱ ነው።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ስግደት ጀመርኩ። ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ መኝታ ቤት በሬን ዘግቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ምሥራቅ ዞሬ እሰግዳለሁ። የኔ ጸሎት እንደኔው ነው፤ ለስላሳ አይደለም። ወገቤንም ጉልበቴንም አልሳሳለትም፣ ወለሉ ላይ ግንባሬን ስጥል ልመና ሳይሆን ክስ የማቀርብ ነው የምመስለው። ስማኝ እንጂ፣ ይህ ሰው ላንተ ሲመላለስ ነው የወደቀው፣ እለዋለሁ። ቤቱ ደግሞ የእንጨት ነው፤ የአሜሪካ አፓርትመንት ከውጭ ጡብ ይመስላል እንጂ ወለሉ ላይ ማንኪያ ሲወድቅ ጎረቤት ይሰማል። እኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ሰማይ ይሰማ እንደሆነ እንጂ ታች ይሰማል ብዬ የተጨነቅኩበት ቀን አልነበረም።

አንድ ማለዳ ስግደቴ መሀል ላይ ሳለሁ ከበታቼ ዱም፣ ዱም የሚል ድምፅ መጣ። በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያ ይመታል። እኔም ባልሰማ አለፍኩት። በማግስቱም ተመታ፣ እኔም ሰገድኩ። በመጨረሻ የኦፊሷ ማናጀር ደወለችልኝ። ከታች የሚኖሩት ሴትዮ አቤቱታ አቅርበዋል፤ ላይ ቤት ያለችው ሴት ገና ሳይነጋ ኤሮቢክስ ትሠራለች ብለዋል። በዚያን ጊዜ እንደ ወረርሽኝ ነበር፤ ሴቱ ሁሉ የቪዲዮ ካሴት ከፍቶ ሳሎን ውስጥ ይዘላል። ኤሮቢክስ ሳይሆን ጸሎት ነው አልኳት። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ ልትጸልዪ ትችያለሽ ወይ ብላ በትሕትና ጠየቀችኝ። ባለቤቴ ይህን ስነግረው ዓይኑን ከኦክላሆማ ላይ ሳያነሣ፣ "አየሽ፣ የሚሰማሽ እሷ ብቻ ናት" አለኝ።

በንዴት ጦፌ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። አባ በሳምንቱ መሀል ዳውንታውን የፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይ ናቸው። የዳላስ ምእመን ኑዛዜ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው በዚያች የመስታወት ጎጆ ውስጥ ነው፤ መኪና ሲመጣ፣ ቆይ ልጄ ይሉና፣ ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ ብለው ይመለሳሉ። ነገሩን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው፤ ሴትዮዋ ጾሜን ሊያስፈቱኝ የተላኩ ናቸው እስከማለት ደረስኩ። በእድሜ እናቴ ስለሆኑ አሁን እሳቸው እላለሁ እንጂ፣ በዚያ ሰሞን የምጠራቸው በሌላ ነበር። አባ አዳምጠው ሲጨርሱ ሳቁ።

"ልጄ፣ እግዚአብሔር ያለው ታች ፎቅ አይደለም። ቀስ ብለሽ ስገጂ።"

ከዚያም መኪና መጣባቸውና መልስ ሰጥተው ተመለሱ። ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፌ ጉልበቴ የሚያርፍበት ላይ እንዳነጥፍ፣ ቀጥሎ ደግሞ ወርጄ ሴትዮዋን ይቅርታ እንድጠይቅ አዘዙኝ። ብርድ ልብሱን እሺ አልኩ። መውረዱን ግን ለምን አስፈለገ ብዬ ተከራከርኩ። አባ ሌላ መኪና መጣ አሉኝ። ያን ጊዜ መኪና ይምጣ አይምጣ እስከዛሬ እጠራጠራለሁ።

ቅዳሜ ዕለት የጾም ዳቦ ጋግሬ ወረድኩ። በሩን የከፈቱት ቀጠን ያሉ፣ ባለ ነጭ ፀጉር፣ በከዘራ የሚሄዱ አሜሪካዊት ባልቴት ናቸው። እኔ ያሰብኩት ግዙፍ ሴት ነበር፤ መጥረጊያውን ያን ያህል በኃይል የሚያነሣ ክንድ አልታየኝም። ዳቦውን ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ጸሎት መሆኑንም አስረዳሁ። ገብቼ እንድቀመጥ አደረጉኝ። ባፕቲስት ናቸው፤ እኛ ተቀምጠን ዓይናችንን ጨፍነን ነው የምንጸልየው፣ የናንተው እንዴት ነው አሉ። በቃል ማስረዳቱ አልሆንልኝ ሲል ጫማዬን አውልቄ፣ ምንጣፋቸው ላይ ተንበርክኬ ግንባሬን መሬት አስነክቼ አሳየኋቸው። ቅዳሜ ስግደት እንደሌለ አውቃለሁ፤ ያ ትምህርት እንጂ ስግደት አልነበረም። ሴትዮዋ ጉልበታቸውን እያሻሹ በጥሞና ተመለከቱኝ።

"ለማን ነው ይህን ሁሉ የምታደርጊው፣ ሃኒ?"

ለባሌ ነው ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ በረዶውን፣ ሶፋውን፣ ቬኬሽኑን። የሳቸውም ባል እዚያው ቤት ውስጥ ብዙ ታሞ እንዳረፈ ነገሩኝ። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝና የምጀምርበትን ሰዓት ጠየቁኝ። መጥረጊያውን ለማዘጋጀት ነው ብዬ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን መንቃቴ ካልቀረ ዝም ብዬ ጣሪያ ከማይ አብሬሽ ብጸልይ ይሻላል አሉኝ። የባለቤቴንም ስም ጠየቁኝ። ደጋግሜ ነገርኳቸው፤ እሳቸውም ደጋግመው አበላሹት።

እንዲህ ሆነና ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ እኔ ከላይ በብርድ ልብስ ላይ፣ እሳቸው ከታች አልጋቸው ውስጥ ሆነን ለአንድ ሰው እንጸልያለን። ስጨርስ ጣሪያውን አንዴ ቀስ አድርገው ይመቱታል፤ አሜን ማለታቸው ነው። ቀን እኔ ሥራ ስለምውል የቤታችንን ቁልፍ ሰጠኋቸው፣ አንድ ነገር ቢሰሙ ብዬ። ባለቤቴ እኔ ሳላውቅ ሰላይ አቆምሽብኝ ብሎ ተቆጣ። ወርደህ ቁልፉን ተቀበላቸዋ! ዎከሩ እዚያ ቆሟል አልኩት። 

የአሜሪካኖቹ ፋሲካ የገባው በእኛ ጾም መሀል ነበር። ሴትዮዋ ደረጃውን በከዘራቸው እያረፉ ወጥተው፣ በላዩ አናናስ የተደረደረበት ትልቅ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ይዘው መጡ። እኔ በአንድ ሥጋ ስንት ሕግ እንደሚፈርስ እያሰብኩ፣ ፊቴን በፈገግታ ሞልቼ ተቀበልኩ። በሩ ሲዘጋ ባለቤቴን ምን ይሻለናል አልኩት።

"የሳቸው ፋሲካ በሰዓቱ ደርሷል። የኛው ገና መንገድ ላይ ነው" አለ። "በረዶ ይዞት ይሆናል።"

ሥጋውን ፊት ለፊታችን ለሚኖሩት ሜክሲኮዎች ሰጠሁ፤ ሳህኑን አጥቤ በዳቦ መለስኩ። የተናገረው ነገር ግን ሆዴ ውስጥ ቀረ። በስግደቴ ሁሉ ያቺው ትመጣብኛለች። እንደ ድሮው ክስ ማቅረብ እንኳ አቃተኝ፤ ጉልበቴ ሲንበረከክ ክሱ ይጠፋኝና ዝም እላለሁ። ያን ዝምታ ያኔ ድካም ነበር የመሰለኝ። አሁን ሳስበው እኔ ያን ጊዜ ነው መጸለይ የጀመርኩት።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። ለዓርብ ስቅለት ፈቃድ ጠየቅኩ። አለቃዬ ደግ ሴት ናት፤ ግን ስቅለት እኮ አልፏል፣ ያኔ ለሁላችሁም ኬክ አምጥተን አልነበረም ወይ አለችኝ። የኛው ገና ነው አልኳት። በዓመት ስንት ስቅለት ነው ያላችሁ ብላ ከልቧ ጠየቀች። የሚተካኝ ሰው ስላልነበር አልተፈቀደልኝም። ዓርብ ጠዋት ዩኒፎርሜን ለብሼ ስወጣ፣ የእኛ ሰው በነጭ ልብስ ጋርላንድ እየተሰበሰበ ነው። እስከ ማምሻ ኪርያላይሶን እያለ ሲሰግድ ይውላል፤ በመጨረሻ ቄሱ ጀርባውን በወይራ ቅጠል መታ መታ እያደረጉ ተጨማሪ ስግደት ያዝዙታል። እኔ የአሮጊት አልጋ ላነጥፍ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ስቅለት ሳልሰግድ ውዬ አላውቅም። ብስጭቴን የምጥልበት ሰው ሶፋው ላይ ነበርና ጣልኩበት።

"ዘንድሮ ከዚህ ቤት ለስቅለት የሚሰግድ ሰው የለም። ደስ ይበልህ።"

 በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ዘጋሁት።

ቀጥሎ የሆነውን ግማሹን ከሱ፣ ግማሹን ከሴትዮዋ ነው የሰማሁት። ከቀትር በኋላ ሴትዮዋ ቁጭ ብለው ሳለ ከላይ ዱም የሚል ሰሙ። የኔን ስግደት እንደ ቤታቸው ሰዓት ለምደውታል፤ ይህ የኔ ሰዓት አይደለም፣ ብርድ ልብስም የለበትም። ጆሯቸውን ጣል አድርገው ሁለተኛውን ጠበቁ፤ ሁለተኛ አልነበረም። ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን እያረፉ ወጡ፣ በቁልፉ ከፍተው ገቡ። ባለቤቴ ሳሎን መሀል በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ግንባሩ ምንጣፉ ላይ ነው። ፊቱ ወደ ሥዕለ አድኅኖው ነው። ዎከሩ አጠገቡ ቆሟል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፣ አምቡላንስ ይጠራ ነበር። ሴትዮዋ ግን ስግደት ምን እንደሚመስል በገዛ ምንጣፋቸው ላይ አስተምሬያቸዋለሁ። ስለዚህ ይህ ሰው እየጸለየ ነው ብለው ደመደሙ፤ ደስታቸው ወሰን አጣ። ጫማቸውን አውልቀው በሩ ላይ አኖሩ፣ እንደኔ። በእግራቸው ጣት እየተራመዱ መጥተው፣ ከዘራቸውን አስቀምጠው፣ እነዚያን የታመሙ ጉልበቶቻቸውን እንደምንም አጥፈው አጠገቡ ተንበረከኩ። ከዚያም ግንባራቸውን ምንጣፉ ላይ አድርገው፣ የባለቤቴን ስም እያበላሹ በእንግሊዝኛ ስለሱ መጸለይ ጀመሩ።

ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ቀጥሎ ሁለቱን አየሁ፤ ጎን ለጎን፣ ወደ ምሥራቅ፣ ግንባራቸው መሬት ላይ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እኔም እንደሳቸው ጸሎት ነው ብዬ በሩ ላይ ቀጥ አልኩ፤ ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም። አይቼ ልጠግብ አልቻልኩም፣ እንባዬ ሲወርድ ታወቀኝ። ቆሜ ቆሜ አንዳቸውም ሳይነቃነቁ ቀሩ። በመጨረሻ ባለቤቴ ፊቱን ከምንጣፉ ሳያነሣ በአማርኛ ተናገረ።

"አንቺ ነሽ? መነሣት አቅቶናል።"

ሳቄ መጣ። በእንባዬ ላይ ሳቅ መጣ፤ ወገቤን ይዤ ቁጭ እስክል ሳቅኩ። ሴትዮዋ አንገታቸውን ጠምዘዝ አድርገው አዩኝና ፕሊዝ፣ ሃኒ አሉ፤ ከዚያ እሳቸውም ጀመራቸው። ባለቤቴም ምንጣፉ ላይ እንዳለ ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። እያለቀሰ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀ ነበር። ከከተራ ወዲህ ሲስቅ አይቼው አላውቅም።

ቀን ቀን አረጋውያን ሳነሣ ነው የምውለው፤ ሥራዬ ነው። ዩኒፎርሜም ገና አልወለቀም። ወደ ባለቤቴ ጎንበስ ስል በእጁ ከለከለኝ።

"መጀመሪያ እሳቸውን" አለ።

ሴትዮዋን ብብታቸው ስር ይዤ አነሣሁና ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። እሱን ማንሣቱ ጊዜ ወሰደ፤ ዎከሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እኔ ከኋላው ሆኜ፣ ላቡ እየወረደ ቆመ። ሶፋው ላይ ላስቀምጠው ስል ቆይ አለኝ፤ ዎከሩን እንደያዘ ትንሽ ቆመ። ሴትዮዋን ደግፌ አውርጄ ሻያቸውን አፍልቼላቸው ስመለስ ሶፋው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ላይ የምንጣፉ ምልክት አለበት። አጠገቡ ተቀምጬ ምን ነክቶህ ነው፣ አጥንትህን እንደገና ልትሰብር ነበር ወይ አልኩት።

"ስቅለት ነው። አንቺ ሥራ ነሽ። ከዚህ ቤት አንድ ሰው መስገድ አለበት ብዬ ነው።"

 እሱ ራሱ ቀጠለ። መውረዱን ወረደ፣ መነሣቱ ነው እንቢ ያለው፤ ዳሌው ተያዘ። ግንባሩ መሬት ላይ እንዳለ ንዴቱ ሁሉ ወጣ፤ ጣልከኝ፣ ጥለኸኝም ሄድክ፣ ቢያንስ አሁን አንሣኝ እያለ ሲሟገት ሴትዮዋ በሩን ከፈቱ። እርዱኝ ሊላቸው አፉን ሲከፍት እሳቸው አጠገቡ ተንበርክከው ስለሱ መጸለይ ጀመሩ። ለኔ የሚጸልይን ሰው አላቋርጥም፣ ሲጨርሱ እጠይቃለሁ አለ በልቡ። ጨረሱ፣ ሊነሡ ሞከሩ፣ አልቻሉም። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ጸሎትህን አቋረጥኩብህ ብለው እሱን ይቅርታ ጠየቁት። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ከጎኑ ይሰማው ነበር።

"ከዚያስ?" አልኩት።

እጆቹን አየ። መሪ የያዘ ይመስል እጆቹ ከፊቱ ነበሩ።

"ከዚያማ የራሴን ተውኩት። 'ጌታዬ፣ መጀመሪያ እሳቸውን አድርስ' አልኩት። 'እኔ መጨረሻ ነኝ።'"

ይህን ብሎ ዓይኑን ጠረገ። ጌታዬ የሚለውን ቃል ከአፉ ከሰማሁ ወራት አልፈው ነበር። እንዳላወቅሁ ሆኜ ተነሣሁና ጃኬቱን ከዎከሩ ላይ ላነሣ ሄድኩ። ጃኬቱ ግን እዚያ አልነበረም፤ ከሳሎኑ ማዶ ባለው ቁምሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል።